«አልጠየቃችሁኝም»፦ ያገለገለ መኪና ስንገዛና ስንሸጥ ጉድለትን መናገር የማን ግዴታ ነው?

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ብዙዎቻችንን የነካ ነው። በራሳችን ላይ ከደረሰው እንጀምርና ዲናችንም ሆነ የሀገራችን ሕግ ስለ ጉዳዩ ምን እንደሚሉ እናያለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሦስት ነበርን፤ ሁለታችን ነቀምቴ ውስጥ የምናስተምር መምህራን፣ ሦስተኛው በገበያው ጨርቅ የሚሸጥ ወንድማችን። የመምህር ደመወዝ ወር አላደርስ ሲለን ተማከርንና ከነቀምቴ ጊምቢ ሰው የሚያመላልስ አንድ ያገለገለ ሚኒባስ በጋራ ለመግዛት ወሰንን። ወለድ ያለበት ብድር ስለማንፈልግ ዓመታት እቁብ ጣልን። የጎደለውን ለመሙላት ሁለታችን መምህራን ትምህርት ቤት የምንመላለስበትን ሞተር ሳይክል ሸጥን። ስለዚህ ሞተር ሳይክል መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ነቀምቴ ላይ የምንመርጠው ስላጣን ወደ አዲስ አበባ ወጣን። የወሰደን ደላላ የሀገራችን ልጅ ነው፤ ነቀምቴ ሲመጣ በአንድ መስጂድ፣ አንዳንዴም በአንድ ሶፍ ጎን ለጎን ሰግደናል። ወደ አንድ የመኪና መሸጫ ግቢ ይዞን ገባ። ሻጩ የሚለው ሁሉም የሚለውን ነው፦ አንድ እጅ የተነዳ፣ ሞተሩ ያልተከፈተ፣ ቀለሙ ያልተነካ። ኪሎ ሜትሩ 112 ሺህ ይላል። ገና ዋጋ ስንነጋገር አንድ ሰው ስልኩን እያወራ መጣና «ይህቺን መኪና እኔ ጨምሬ እወስዳታለሁ» አለ። ደላላችን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ «ቶሎ ቀብድ ጣሉ፣ ታመልጣችኋለች» አለን። 50 ሺህ ብር ቀብድ ከፈልን። ወረቀቱ ላይ «ገዢ አይቶና ወዶ ባለበት ሁኔታ ገዝቷል» የሚል ሐረግ ነበረበት፤ አንብበን ፈረምን።

መካኒክ የወሰድነው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ የመጀመሪያው ጥፋታችንም ይህ ነበር። መካኒኩ ሞተሩን ሳይሞቅ አስነሳው፤ ሰማያዊ ጭስ ወጣ። ላሜራውን በጣቱ ጫፍ እየመታ ሄዶ የኋለኛው በር አጠገብ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፤ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ ነበር። ተኝቶ ገባና ሻንሲው ላይ የብየዳ ምልክት አሳየን። የፍሬን ፔዳሉ ጎማ አዲስ ነው፣ መሪው ግን ተልጦ አልቋል። 112 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ መሪ እንዲህ አይሆንም። ከዚያ ቀና ብሎ «ለምን ሥራ ነው የፈለጋችሁት?» ሲል ጠየቀ። ከነቀምቴ ጊምቢ ሰው ልንጭንበት ነው አልነው። «በዚህ ሻንሲ ሰው ጭናችሁ ወደ ዴዴሳ ልትወርዱ?» አለና ሌላ ምንም አልጨመረም።

መንገዱን የሚያውቅ ያንን ቁልቁለት ያውቃል። ጉዳዩ የብር ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ነው የገባን። የምንጭናቸው እናቶች፣ ተማሪዎች፣ በሽተኛ ይዘው ወደ ነቀምቴ ሆስፒታል የሚመጡ ሰዎች ናቸው።

መኪናውን ተውነው። ቀብዱን ሻጩ አልመልስም አለ። በሽማግሌ ግማሹ ተመለሰልን፣ 25 ሺህ ብር እዚያው ቀረ። ከገንዘቡ በላይ ያሳዘነን ግን ደላላችን ነው። መኪናው ተገልብጦ እንደነበረ ያውቃል። ለምን አልነገርከንም ስንለው ፊቱ ሳይለወጥ እንዲህ አለ፦ «እኔ አልዋሸሁም። አልጠየቃችሁኝም።»

ይህ ጽሑፍ ለዚያ መልስ የሚሰጥ ነው። ያልተጠየቀ ሰው ጉድለትን ባይናገር ጥፋተኛ ነው? ሻጩ ብቻ ነው ወይስ ደላላውም፣ መካኒኩም፣ ቆሞ የሚያየውም?

ያልተናገረ አልዋሸም?

ኢማም ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የዘገቡትን ሐዲስ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ በእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን አስገቡ፤ ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ሻጩን ጠየቁት፤ ዝናብ እንደነካው ነገራቸው። ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁትና የሚያጭበረብር ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ልብ እንበል፤ ሐዲሱ ውስጥ ሰውየው በአፉ የዋሸው ነገር አልተጠቀሰም። እህሉ እርጥብ መሆኑን የጠየቀው ገዢም አልተጠቀሰም። ጥፋቱ እርጥቡ ከሥር፣ ደረቁ ከላይ መሆኑ ነው። ስቱኮ ከሥር፣ አዲስ ቀለም ከላይ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሐዲስ ለመኪና ገበያ የበለጠ ይቀርባል። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የግመልንና የበግን ጡት አስሮ ወተት አጠራቅሞ መሸጥን ከልክለዋል። ገዢው ጡቱ ሞልቶ ሲያይ «ይህቺማ ወተት በወተት ናት» ይላል፤ በማግስቱ ሲያልባት ግን ያ ወተት የለም። እንዲህ የተሸወደ ገዢ ካለበ በኋላ ከፈለገ ያስቀራታል፤ ካልፈለገ ለወሰደው ወተት ምትክ አንድ ሷዕ ተምር ጨምሮ ይመልሳታል። በሙስሊም ዘገባ ውስጥ የሦስት ቀን ጊዜ ተጠቅሷል። ገዢው ስላለው መብት ዝርዝር ሐነፊዮች የተለየ አቋም አላቸው፤ ድርጊቱ ሐራም በመሆኑ ላይ ግን ልዩነት የለም። ወደ ኋላ የተመለሰ ኪሎ ሜትር ከታሰረ ጡት በምን ይለያል? ሻጩ አፉን ባይከፍትም ዕቃው ራሱ እንዲዋሽለት አድርጓል።

ሦስተኛው ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ነው። ሻጭና ገዢ እስካልተለያዩ ድረስ ውሉን የመተው ምርጫ አላቸው፤ እውነት ከተናገሩና ከገለጹ ንግዳቸው በረካ ይኖረዋል፤ ከደበቁና ከዋሹ በረካው ይጠፋል። ሐዲሱ መዋሸትን ለብቻ፣ መደበቅን ለብቻ አስቀምጦታል። «አልዋሸሁም» ያለው ወንድማችን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የመለሰው።

የሚያውቅ ሁሉ

ስለ ደላላው የተጠየቀውን የሚመልሰው የዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ኢማም አሕመድና አል-ሐኪም ዘግበውታል። አንድ ሰው ከዋሲላ ግቢ ግመል ገዝቶ ሲወጣ ዋሲላ ልብሳቸውን እየጎተቱ ተከትለው ደረሱበት። «ገዛሃት?» አሉት። አዎ አለ። ያለባትን ነግሮሃል ወይ ሲሉት ወፍራም ናት፣ ጤነኛ ናት፣ ምን አለባት አላቸው። ቀጥለው ለመንገድ ነው የፈለግካት ወይስ ለሥጋ ብለው ጠየቁት። ሐጅ ልሄድባት ነው አለ። ሰኮናዋ ቀዳዳ እንዳለበት ነገሩት። ሻጩ ተናደደ፤ ንግዴን ልታበላሽብኝ ነው ወይ አለ። ዋሲላ ግን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ነገሩት፦ ያለበትን ሳይገልጹ መሸጥ አይፈቀድም፣ ያንን ለሚያውቅ ሰውም ሳይገልጽ ዝም ማለት አይፈቀድለትም።

በዚህ ሐዲስ ሰነድ ላይ ዑለሞች ተነጋግረውበታል፤ የመጀመሪያውን ክፍል ግን ዑቅባ ኢብኑ ዓሚር (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ኢብኑ ማጃህ የዘገቡት ሐዲስ ይደግፈዋል። እኛን የገረመን ጥያቄው ነው፤ «ለመንገድ ነው ወይስ ለሥጋ?» ያ መካኒክም የጠየቀን ይህንኑ ነው። ለሥጋ የምትታረድ ግመል ሰኮናዋ ቢቀደድ ያን ያህል ጉዳት የለውም፤ መካ ለምትሄድ ግን ሰውየውን በረሃ ላይ ትጥለዋለች። በግቢ ውስጥ የሚቆም መኪናና ሰው ጭኖ ዴዴሳን የሚወርድ መኪና ጉድለታቸው እኩል አይመዘንም።

ደላላነት በራሱ ሐራም አይደለም። ኢማም ቡኻሪ ኢብኑ ሲሪን፣ ዐጣእ፣ ኢብራሂምና ሐሰን በደላላ ክፍያ ላይ ችግር እንዳላዩ ጠቅሰዋል። ቀይስ ኢብኑ አቢ ገረዛ (ረ.ዐ) እንደሚሉት ሰዎች «ደላሎች» ይሏቸው ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያ በተሻለ ስም ነጋዴዎች ብለው ጠሯቸው፣ ንግድ ከንቱ ወሬና መሐላ ስለሚገባበትም ከሰደቃ ጋር እንዲቀላቅሉት መከሯቸው። ነገር ግን ደላላ ከገዢ ኮሚሽን ሲቀበል የገዢው አማና አለበት። ገዢው የከፈለው ለመንገድ መሪነት ብቻ ሳይሆን ለእውቀቱም ነው። እውቀቱን ሸጦ እውቀቱን መደበቅ እንዴት ይሆናል?

«ሁለተኛው ገዢ»

ያ ስልክ እያወራ የመጣው ሰው በኋላ እንደሰማነው የግቢው ሰው ነው። የመግዛት ሐሳብ ሳይኖረው ዋጋ የሚያስጨምር ሰው ሥራው በሸሪዓ «ነጅሽ» ይባላል፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በግልጽ ከልክለውታል። ስለዚህ «ሌላ ሰው ሊወስዳት ነው» ሲባል «አላህ ኸይሩን ይስጠው» ብሎ መሄድን መልመድ አለብን። የእኛ ጥፋት በዚያች ሰዓት መቸኮላችን ነው።

ችኮላው ከገበያው ሁኔታም ይመጣል። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ተጣለ፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱም ይከብዳል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ የብዙ ሰው ዓይን ያረፈው ሀገር ውስጥ ቆይተው እጅ በእጅ የሚዞሩ መኪኖች ላይ ነው። ዕቃ ሲወደድና ሲያጥር ገዢው ይቸኩላል፤ የአሮጌ መኪና ጉድለት የመሸፈኑ ፈተናም ይበረታል።

«ባለበት ሁኔታ ገዝቷል»

ይህ ሐረግ ከሻጩ ጫንቃ ኃላፊነትን ሁሉ ያወርዳል? በዲናችን ይህ ጥያቄ ከሰሓቦች ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። በሙወጣእ እንደተዘገበው ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ባሪያ ከጉድለቱ ኃላፊነት ነፃ ነኝ በሚል በ800 ዲርሃም ሸጡ። ገዢው ሳይነገረኝ በሽታ ተገኘበት ብሎ ወደ ዑስማን (ረ.ዐ) ወሰዳቸው። ዑስማን (ረ.ዐ) ኢብኑ ዑመር ሲሸጡት በሽታውን እንደማያውቁ እንዲምሉ ፈረዱ። ኢብኑ ዑመር መማልን ትተው መልሰው ተቀበሉት፤ ኋላ ድኖ በ1,500 ዲርሃም ሸጡት። ፍርዱ የቆመው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም?

ከዚህ በመነሳት ማሊኪዮችና ሻፊዒዮች ሻጩ እያወቀ የደበቀውን ጉድለት እንዲህ ያለ ሐረግ አይሸፍነውም ይላሉ። ሐነፊዮች ለውሉ ሐረግ ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣሉ፤ እያወቁ መደበቅ ግን እነርሱም ዘንድ ወንጀል ነው።

የሀገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ስለ ዕቃው ጉድለት ያለበትን ዋስትና ይደነግጋል። ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ የለውም። በሌላ በኩል ገዢው ያወቀውን ወይም በከባድ ቸልተኝነት ካልሆነ በቀር ሊያልፈው የማይችለውን ጉድለት ሻጩ አይጠየቅበትም። ገዢው ዕቃውን እንዳገኘ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። ስለዚህ «እንዳለ ነው የምሸጠው» ሲሏችሁ መብታችሁ አልቋል ማለት አይደለም፤ የመመርመር ሸክሙ ግን የእናንተ ነው።

ቀብድ

ቀብድ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 እንደተደነገገው ቀብድ መስጠት ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። በፊቅህ ደግሞ አብዛኞቹ ዑለሞች የማይመለስ ቀብድን አይፈቅዱም፤ ሐንበሊዮች ይፈቅዳሉ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1993 እ.ኤ.አ. በብሩናይ ባደረገው ስብሰባ የመጠበቂያው ጊዜ ከተወሰነ እንደሚፈቀድ ወስኗል።

የምንመክረው ይህ ነው፦ መካኒክ ሳያይ ቀብድ አትክፈሉ። መክፈል ግድ ከሆነ ወረቀቱ ላይ «በሦስት ቀን ውስጥ መካኒክ አይቶ ጉድለት ካገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ይጻፍ። ይህ በሸሪዓ «ኺያሩ ሸርጥ» የሚባለው መብት ነው። በንግድ የሚሸወዱት ሐባን ኢብኑ ሙንቂዝ (ረ.ዐ) ሲገዙ ማታለል የለም ብለው እንዲናገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረዋቸዋል፤ በኢብኑ ማጃህ ዘገባ የሦስት ሌሊት ምርጫም ሰጥተዋቸዋል። ሐነፊዮችና ሻፊዒዮች ጊዜውን በሦስት ቀን ይወስኑታል፤ ሐንበሊዮች የተስማሙበትን ያህል ይፈቅዳሉ። ሻጩ ይህችን አንድ መስመር አልጽፍም ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ከመክፈል በፊት

በ25 ሺህ ብር የተማርነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

1. መካኒኩን ራሳችሁ ምረጡ፤ ሻጩም ደላላውም ያመጡት አይሁን። መካኒኩ መኪናውን ሲያይ ለምን ሥራ እንደምትፈልጉት ንገሩት።

2. ሞተሩ ሳይሞቅ በጠዋት ይነሳ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚበላ፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሞተር እንደሚገባ፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ በደንብ እንደማይቃጠል ያመለክታል። የዘይት ክዳኑ ሥር ወተት የመሰለ ነገር ከታየ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል።

3. ኪሎ ሜትሩን አትመኑ፤ ፔዳሉን፣ መሪውን፣ የሾፌሩን ወንበር እዩ። አንዱ አዲስ ሌላው ያለቀ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

4. ትንሽ ማግኔት ያዙ። ስቱኮ በበዛበት ቦታ ማግኔቱ አይዝም። ሻንሲውን ተኝቶ የሚያይ ሰው ይኑር።

5. የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። መኪናው ዕዳና እገዳ እንደሌለበት መዝገቡ ካለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። ቦሎውንና ኢንሹራንሱን እዩ።

6. የሚሸጠው ባለቤቱ ነው ወይስ ወኪል? ወኪል ከሆነ ውክልናው መሸጥን ይጨምራል? ያልተሻረ መሆኑስ? ባለቤቱ ባለትዳር ከሆነ የትዳር አጋሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም።

7. በአፍ የተነገራችሁን በወረቀት አስጽፉ። «ሞተሩ አልተከፈተም፣ መኪናው አልተገለበጠም» ያለ ሻጭ ከፈለገ ይጽፈዋል። ከሁሉም በላይ፣ ምስክር ባለበት ጠይቁ፦ «የምታውቀው ጉድለት አለ?» የመናገር ግዴታው ሳንጠይቅም አለ፤ ስንጠይቅ ግን «አልጠየቃችሁኝም» የሚለው በር ይዘጋል።

ሞተር ሳይክላችን

ነቀምቴ ተመልሰን ለሰው ሁሉ ስለዚያ ደላላ ስናወራ ሰነበትን። አንድ ማታ ጨርቅ ነጋዴው ወንድማችን ዝም ብሎ ሲሰማን ቆይቶ «የእናንተስ ሞተር ሳይክል ሦስተኛ ማርሹ ሲሞቅ ያመልጥ አልነበር? ለገዛው ሰው ነግራችሁታል?» አለ።

አልነገርነውም። የገዛን ከሲሬ በኩል የመጣ ገበሬ ነው። በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሞክሮ ወደደው። ማርሹን አልጠየቀንም፤ እኛም አልተናገርንም። በ38 ሺህ ብር ሸጥንለት። ያ ደላላ ያደረገብንን አንድ ወር ሳይሞላ ቀድመን በሌላ ሰው ላይ አድርገነው ነበር፤ ከእኛ አንዱ ደግሞ ፊቅህ የተማረ ነው።

በገበያ ቀን ፈልገን አገኘነው። አፍረን ነገርነው። ገበሬው ፈገግ አለና «ባርሲሳ፣ በሁለተኛው ሳምንት አውቄዋለሁ። መምህር ነው፣ እያወቀ አይሸጥልኝም፣ እነርሱም አያውቁም ነበር ብዬ ተውኩት» አለን። ቢሰድበን ይቀለን ነበር።

መልሶ ገንዘቡን እንዲወስድ ወይም አስቀርቶ የጉድለቱን ካሳ እንዲቀበል ምርጫ ሰጠነው። ይህ ካሳ በፊቅህ «አርሽ» ይባላል። ሐንበሊዮች ገዢው ከሁለቱ የፈለገውን እንዲመርጥ ይፈቅዱለታል፤ ሌሎቹ ዘንድ ካሳው በስምምነት ይሆናል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት መካኒኮች ሞተር ሳይክሉ ደህና ቢሆን 40 ሺህ፣ ከነጉድለቱ 34 ሺህ ያወጣል አሉ። የቀነሰው ከመቶ 15 ነው። ከተቀበልነው 38 ሺህ ላይ 15 በመቶው 5,700 ብር ይሆናል፤ ይህንኑ ከፈልነውና ሞተሩን አስቀረ። ሰነፍ ማርሹን በዚያው ሳምንት አሠራው።

ጀሪር ኢብኑ ዐብደላህ (ረ.ዐ) ወኪላቸው በ300 ዲርሃም የተስማማበትን ፈረስ ሲያዩ ለባለቤቱ ፈረስህ ከዚህ ይበልጣል እያሉ ራሳቸው ዋጋውን አሳድገው 800 ከፈሉ። ለምን ሲባሉ ለሙስሊም ሁሉ ቅን ለመሆን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ገብቻለሁ አሉ። እኛ እዚያ ደረጃ አልደረስንም። ቢያንስ ግን የምናውቀውን ጉድለት ሳንጠየቅ እንናገር። ገዢው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ የሰፈር ሰው ይሁን የሩቅ፣ አማናው አንድ ነው። በዚያ መኪና የሚሳፈረውን ሰው ማንነቱን አናውቅምና።

ወላሁ አዕለም።